ጎጆ ማውጣት ማባረር አይደለም



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ በየቤታችን ያለ፣ ነገር ግን ጎረቤት እንዳይሰማ በሹክሹክታ የምንነጋገርበት ነው። ሃያ አምስትና ሠላሳ ዓመት የሞላቸው፣ የተማሩ፣ ጤነኛ የሆኑ፣ አንዳንዶቹም ደመወዝ የሚበሉ ልጆቻችን ዛሬም በእናታቸው እጅ ይበላሉ፤ በአባታቸው ኪስ ይኖራሉ። ይህን የማነሳው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ተወቃሽ ካለ የመጀመሪያው እኔ ነኝ። ስለሆነም ነገሩን ከራሴ ቤት እጀምራለሁ።

በጨለማ የተቀመጠ ቤት

ከሦስት ዓመት በፊት በድንገት ታምሜ አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኛሁ። በአምስተኛው ቀን ሊጠይቀኝ የመጣው የመጨረሻው ልጄ «አባዬ፣ ቤት መብራት የለም» አለኝ። የሰፈሩ መብራት የጠፋ መስሎኝ «ይመጣል፣ ታገሡ» አልኩት። «የሰፈሩማ አለ፤ የጠፋው የእኛ ብቻ ነው» አለኝ። ለካስ የቆጣሪው ካርድ ሒሳብ አልቆ ኖሯል። ካርዱ የት እንደሚቀመጥና የት ሄዶ እንደሚሞላ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ቤተሰቤ ሁለት ሌሊት በሻማ አድሯል። ከዚህም ሌላ የእድሩ መዋጮ ቀኑ አልፏል፤ የውሃም ሒሳብ አልተከፈለም።

በዚያ ቤት ውስጥ የ27 ዓመት ወንድ ልጅ አለ። በሒሳብ አያያዝ ዲግሪ ይዞ በአንድ የግል ድርጅት ሁለት ዓመት ሠርቷል። በየወሩ መጨረሻ የሌላ ሰው ድርጅት ሒሳብ ይዘጋል፤ የአባቱን ቤት መብራት ማስሞላት ግን አያውቅም።

መጀመሪያ በልጄ ተናደድኩ። ቆየት ብዬ ሳስበው ንዴቱ ወደ ራሴ ዞረ። ለመሆኑ አንድ ቀን እንኳ «ይህን ካርድ ወስደህ አስሞላ» ብዬው አውቃለሁ? አላውቅም። ሥራ ሲይዝ «ደመወዝህ ለራስህ ይሁን» ያልኩት እኔ ነኝ። ልብሱን አጥባ የምትተኩስለት፣ ምሳውን በሳህን ከድና የምታስቀምጥለት እናቱ ነች። ይህን ሁሉ ስናደርግ ፍቅር መስሎን ነበር። ከሁለት ዓመት ደመወዙ ተርፎ በእጁ የቀረው ግን አንድ የእጅ ስልክና ጥቂት ጫማዎች ብቻ ነበሩ።

በዚያ ሌሊት አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። አላህ (ሱ.ወ.) አጀሌን በዚያው ሳምንት አድርጎት ቢሆን ኖሮ ለእናቱና ለታናናሾቹ ማንን ትቼላቸው እሄድ ነበር? የምተውላቸው ሰው ነው ወይስ ሌላ ተጧሪ?

ፈትኖ ማስረከብ

ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ ጉዳዩን ከዲናችን አንጻር ለመመልከት ሞከርኩ። በሱረቱ አን-ኒሳእ 6ኛው አያ ላይ ስለ የቲሞች ገንዘብ የተሰጠው መመሪያ በእጅጉ ነካኝ። አላህ (ሱ.ወ.) አሳዳጊዎችን የሚያዝዘው የቲሙ ለጋብቻ ዕድሜ እስኪደርስ ድረስ እንዲፈትኑት፣ ሩሽድ ማለትም ገንዘብን በአግባቡ የማስተዳደር ብስለት ያዩበት እንደሆነ ንብረቱን እንዲያስረክቡት፣ ሲያስረክቡትም ምስክር እንዲያቆሙ ነው። ሙፈሲሮች ፈተናውን ሲያብራሩ ልጁ ትንሽ ገንዘብ ተሰጥቶት እንዴት እንደሚሸጥና እንደሚገዛ ይታያል ይላሉ።

እስቲ እናስተውል! አባት ለሌለው ልጅ እንኳ የታዘዘው ሥርዓት መፈተን፣ ማስረከብና ማስመስከር ነው። እኛ አባት ያላቸውን ልጆቻችንን አንፈትንም፤ አናስረክብምም። ዕድሜ ልካቸውን አሳዳጊ ሆነን ለመኖር የምንፈልግ ይመስላል። ታዲያ እኛ ስንሞት የሚያስረክባቸው ማን ነው?

ስለ ቀለብም ቢሆን የፊቅህ ሊቃውንት በስፋት ጽፈዋል። አብዛኞቹ እንደሚሉት ለአካለ መጠን ደርሶ ሠርቶ ማደር የሚችል ጤነኛ ወንድ ልጅን መቀለብ በአባቱ ላይ ግዴታ አይደለም። በሽተኛ ወይም አካል ጉዳተኛ ሆኖ መሥራት ያልቻለ እንደሆነ ግን ግዴታው አይነሳም። ሴት ልጅም እስክታገባ ድረስ ቀለቧ በአባቷ ላይ ነው። በአገራችንም ሕግ ቢሆን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሰው 18 ዓመት ሲሞላው ለአካለ መጠን እንደደረሰ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ደመወዝ ላለው የ27 ዓመት ልጄ የማወጣው ወጪ ቸርነት እንጂ ግዴታዬ አልነበረም። ቸርነት ደግሞ ከሌላው ሐቅ ላይ ተቆርሶ ሲሰጥ ሊመረመር ይገባዋል። የኑዕማን ኢብን በሺር አባት ለአንድ ልጃቸው ብቻ ስጦታ ሰጥተው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ምስክር ሊያደርጉ በመጡ ጊዜ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ለሌሎቹም እንዲሁ መስጠታቸውን ጠይቀው፣ አለመስጠታቸውን ሲሰሙ ለመመስከር ፈቃደኛ አለመሆናቸው በሐዲስ ተዘግቧል። እኔም ቁጭ ብዬ ሳሰላው ለትልቁ ልጄ ምቾት የማወጣው ገንዘብ የታናናሾቹ መጽሐፍና ጫማ ነበር።

«የፈረንጅ ባህል ነው» ለሚሉ

ሐሳቤን ለወዳጆቼ ሳጫውታቸው አብዛኞቹ «ይህ የፈረንጅ ባህል ነው፤ እኛ ዘንድ ልጅ ከቤት የሚወጣው ሲያገባ ነው» አሉኝ። እውን እንዲህ ነውን?

ሙሃጂሮች መዲና በገቡ ጊዜ ዐብዱራህማን ኢብን ዐውፍ ከሰዕድ ኢብን አር-ረቢዕ ጋር ወንድማማች ተደረጉ። ሰዕድ ባለጸጋ ነበሩና የሀብታቸውን እኩሌታ ሊያካፍሏቸው ፈቀዱ። ዐብዱራህማን ግን በረካውን ተመኝተውላቸው፣ ገበያው የት እንደሆነ ብቻ እንዲያሳዩዋቸው ጠየቁ። እርጎ አድርቀው የሚያዘጋጁትን አይብና ቅቤ እየነገዱም ራሳቸውን ቻሉ። ብዙም ሳይቆዩ የራሳቸውን መህር ከፍለው አገቡ። ልብ በሉ! ያገቡት ራሳቸውን ከቻሉ በኋላ ነው። እኛ «ካገባ በኋላ ይወጣል» ስንል ቅደም ተከተሉን ገልብጠነዋል። ራሱን ሳይችል ያገባ ልጅ ሙሽሪትን ይዞ የሚገባው እዚያው እናቱ ሳሎን ነው። ብዙ ፉቀሃዎች ሚስት ከባሏ ቤተሰብ የተለየ የራሷ መኖሪያ የማግኘት መብት እንዳላት ያስተምራሉ። በአማትና በምራት መካከል በየሰፈሩ የምንሰማው ጭቅጭቅ ስንት ትዳር እንዳፈረሰ አንባቢ ያውቀዋል።

ወደ አገራችንም እንምጣ። ደረሳዎች ገና በለጋ ዕድሜያቸው ከወላጆቻቸው ተለይተው፣ ከሩቅ አገር እየተነሱ ወሎ ወደ ዳናና ወደ ጌታ ይሄዱ አልነበረምን? ከሸኹ ደጅ ጎጆ ቀልሰው፣ የአገሬው ሰው በሰጣቸው ምግብ እያደሩ ዒልም ይዘው ይመለሱ ነበር። የመርካቶ ነጋዴዎቻችንስ? ከጉራጌና ከስልጤ አገር በልጅነታቸው መጥተው፣ ጫማ እየጠረጉና ሱቅ በደረቴ እየነገዱ ነው ለቁም ነገር የበቁት። እናቶቻቸው አልጠሏቸውም፤ መርቀው ነው የሸኟቸው። እንግዲህ ልጅን ወደ ሕይወት መላክ ከውጭ የመጣ ሳይሆን እኛው የረሳነው ባህላችን ነው።

ሱብሒን ማን ይቀሰቅሰዋል?

ከሁሉም የከበደኝ የባለቤቴን ጥያቄ መመለስ ነበር። «ብቻውን ሲሆን ማን ያየዋል? ከማን ጋር ይውላል? ሱብሒን ማን ይቀሰቅሰዋል?» አለችኝ። ይህ የእናት ስጋት ነውና አላቃለልኩትም። በከተማችን ወጣቱን የሚጠብቀው የጫትና የሺሻ ቤት ስንት እንደሆነ እኔም አውቃለሁ።

ሆኖም እንዲህ ስል መለስኩላት፦ «ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ሱብሒን የቀሰቀስነው እኛ ነን። እኛ ሳንቀሰቅሰው የማይነሳ ከሆነ ሰላቱ የእሱ ነው ወይስ የእኛ? ደግሞስ ጠዋት ወጥቶ ማታ ሲገባ ቀኑን የት እንደሚውል ዛሬስ እናውቃለን?» ዝም አለች። ዝምታዋ ግን መስማማት አልነበረም። ማታ ማታ ስታለቅስ እሰማት ነበር። ስህተት እየሠራሁ ይሆን እያልኩ እኔም ተጠራጥሬያለሁ፤ ኢስቲኻራም ሰግጃለሁ።

እንዴት አደረግነው?

ልጁን በአንድ ቀን «ውጣ» አላልኩትም። ያ ማባረር ነው። የአያውን ሥርዓት ተከትዬ ከፈተናው ጀመርኩ። እናቱና ወንድሞቹ ባሉበት አስቀምጬ የሆስፒታሉን ሌሊት ሐሳቤን ነገርኩት። «ከዛሬ ጀምሮ ለአንድ ዓመት የመብራቱን፣ የውሃውንና የእድሩን ጉዳይ ያዝ። ከደመወዝህ ሲሶውን ለቤት ወጪ ታመጣለህ፤ ሌላውን ሲሶ ትቆጥባለህ፤ በቀረው ትኖራለህ። ዓመቱ ሲሞላ ቤት ተከራይተህ ትወጣለህ» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ቆየና «ምን አጠፋሁ አባዬ?» አለኝ። «አንተ አላጠፋህም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ቀላል አልነበሩም። የውሃውን ሒሳብ ረስቶ ቅጣት ከፍሏል፤ ከራሱ ኪስ ነበርና ሁለተኛ አልረሳም። ቁጠባውን ወለድ በሌለበት ሒሳብ አስገባ። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቱ ወጥ ቤት አስገብታ ሽሮና ምስር መሥራት አስተማረችው። ማልቀሷን የተወችው ያኔ ነው ብል አላጋነንኩም።

ዓመቱ ሲሞላ በጀመዓ ሰላት ከሚያውቀው የሥራ ባልደረባው ጋር ሆነው በአንድ ኮንዶሚኒየም ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራዩ። እኔ ያገዝኩት በመጀመሪያው ክፍያ ብቻ ነው። እናቱ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ በርበሬና መስገጃ አዘጋጀችለት። የወጣ ዕለት ጎረቤት ጠርተን፣ ቡና ተፈልቶ፣ ዱዓ ተደርጎ ሸኘነው። ይህን ያደረግነው ሆን ብለን ነው። በስውር የወጣ ልጅ የተባረረ ይመስላል። ያም ሆኖ በሳምንቱ ከመስጊድ ስወጣ አንድ ሰው «ልጁን አባረሩት አሉ፣ እውነት ነው?» ብሎኛል። «ጎጆ አወጣሁት እንጂ» ብዬው አልፌያለሁ።

በሦስተኛው ወር አንድ ቅዳሜ ማታ መጣ። ለጓደኛው ገንዘብ አበድሮ ሳይመለስለት የኪራዩ ቀን ደርሶበታል። ገንዘቡ በኪሴ ነበር። የአባትነት አንጀቴ «ስጠውና ይሂድ» ይለኛል። እንዲያ ባደርግ ግን የዓመቱ ልፋት በአንድ ሌሊት መና እንደሚቀር ታየኝ። ስለሆነም ብድር አድርጌ ሰጠሁት። ሱረቱ አል-በቀራ 282ኛው አያ ዕዳን መጻፍ እንደሚያስተምረን ጻፍነው፤ ቀን ቆረጥን፤ ምስክር አቆምን። ባለቤቴ «ለገዛ ልጅህ ወረቀት ትጽፋለህ?» ብላ ሁለት ቀን ተቀየመችኝ። ልጄ በአራት ወር ሊመልስ ተስማምቶ በአምስተኛው ወር ጨረሰ። የመጨረሻውን ክፍያ ሲሰጠኝ «አባዬ፣ ወረቀቱን ቅደደው» አለኝ። እኔም ቀደድኩት። አባትና ልጅ እንደ ሁለት ወንዶች የተያየነው ያን ቀን ነው።

መለየት ያለብን ነገሮች

ይህ ሲባል ግን ሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ነው ማለቴ አይደለም። የታመመ ወይም ያረጀ ወላጅ ያለውና እሱን ለመጦር በቤት የቀረ ልጅ ከዚህ ጽሑፍ ውጪ ነው። እንዲያውም ከኛ ይልቅ እሱ የታደለ ነው። ኡወይስ አል-ቀረኒ በሐዲስ በበጎ የተነሱት ለእናታቸው ባላቸው ቸርነት ነው። መለየት ያለብን ወላጁን የሚጦረውንና ወላጁ የሚጦረውን ነው። ወላጅን መጦር ራሱ አቅም ይጠይቃል። ሱረቱ አል-ኢስራእ 23ኛው አያ ለወላጆች መልካም መዋልን ሲያዝ፣ ራሱን ያልቻለ ልጅ ይህን በምኑ ይወጣዋል?

ሥራ ያጣም ልጅ አለ። እሱን ኪራይ ክፈል ማለት ግፍ ነው። ሥራ እስኪያገኝ ግን ከቤት ኃላፊነት ነፃ መሆን የለበትም። ገበያ ይውረድ፣ ታናናሾቹን ያስጠና፣ ሙያ ይልመድ። ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) እንኳ ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሐዲስ እናውቃለን። የጉልበት ሥራን መናቅ ከዲግሪ ጋር የመጣ በሽታችን ነው።

ስለ ሴት ልጆቻችንም ጥያቄ ይነሳል። እሷን ብቻዋን ቤት ተከራይታ ትውጣ አልልም፤ እስክታገባ ድረስ ቀለቧና ጥበቃዋ በአባቷ ላይ እንደሆነ ከላይ ጠቅሻለሁ። ይሁን እንጂ ራስን መቻል ግድግዳ መለወጥ ብቻ አይደለም። አን-ኒሳእ 32ኛው አያ ሴቶች ከሠሩት ድርሻ እንዳላቸው ያረጋግጣል። በራሷ ስም ሒሳብ ይኑራት፤ ያገኘችውን ታስተዳድር፤ ውል አንብባ መፈረም ትወቅ። ነገ መበለት ብትሆን ወይም ብትፈታ የሰው ፊት አታይም።

የኪራይ ጉዳይስ?

በአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ውድ መሆኑን መካድ አይቻልም። በ2005 ዓ.ም. በ20/80 እና በ40/60 የቤት ቁጠባ ከተመዘገቡት ስንቶቹ ዕጣ ሲጠብቁ ዓመታት እንዳለፉባቸው እናውቃለን። «የራሱ ቤት ሲኖረው ይወጣል» ማለት ስለዚህ ሽበት እስኪያወጣ መጠበቅ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ተካፍሎ መከራየት ነው። የሚካፈሉትን ሰው ደግሞ በዲኑና በአማናው መርጦ መያዝ ይገባል፤ የእናቶችም ስጋት ግማሹ የሚቀለው በዚህ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ልጆቻችን ይህን ሳያውቁ የስድስት ወርና የዓመት ቅድሚያ እንዳይከፍሉ እናስተምራቸው።

ለወላጆች የማስተላልፈው

በአጭሩ ካየሁትና ከተማርኩት የሚከተሉትን አደራ እላለሁ።

1ኛ. ሳይፈትኑ አያስወጡ። ቢያንስ አንድ ዓመት በቤት ውስጥ ኃላፊነት ያሸክሙት።

2ኛ. ቀኑን ቆርጠው ይንገሩት። «አንድ ቀን ትወጣለህ» ማለት አትወጣም ማለት ነው።

3ኛ. በቁጣ ቀን አያስወጡ። በጠብ የወጣ ልጅ የሚሄደው ወደ መጥፎ ጓደኛ ነው።

4ኛ. በሩን አይዝጉ። የእኛ ልጅ ጁሙዓ ጁሙዓ ምሳውን ከእኛ ጋር ይበላል። ታምሞ ቢመጣ አልጋው አለ፤ ሰንፎ ቢመጣ ግን የለም።

5ኛ. እናትና አባት አንድ ቃል ይሁኑ። አባት የከለከለውን እናት በመሐረብ ቋጥራ ከሰጠች ልጁ የሚማረው ብልጠትን እንጂ ሕይወትን አይደለም።

እናንተም ወጣቶች! አባታችሁ «ራስህን ቻል» ሲላችሁ ጠልቷችሁ አይምሰላችሁ። ከእናንተ መለየት ለእኛም ቀላል እንዳልሆነ በገዛ ራሴ አይቻለሁ። የልጄ አልጋ ባዶ የሆነ ሰሞን ማታ በሩን ሳልቆልፍ እየጠበቅሁ ስንት ጊዜ ተቀምጫለሁ!

ልጄ ዛሬም ሁሉን አሟልቷል አልልም። ገና አላገባም፤ ወጡንም አልፎ አልፎ ያሳርራል። ሱብሒን ግን ራሱ ይነሳል፤ አብሮት የሚኖረውንም የሚቀሰቅሰው እሱ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ባለፈው ወር እንደገና አሞኝ ሦስት ቀን ተኝቼ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ማታ ስልክ ደወለ። ጤናዬን ከጠየቀኝ በኋላ «አባዬ፣ የመብራቱን ካርድ አስሞልቻለሁ፤ እድሩንም ከፍያለሁ። አንተ ተኛ» አለኝ። አልሐምዱሊላህ! እኔም ያለ ሐሳብ ተኛሁ።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን። ሳንሞት አማናቸውን የምናስረክብ ወላጆች ያድርገን። አሚን።

ወቢላሂ ተውፊቅ።